ጉያቫው እስኪረጋ

ባለፈው ሳምንት ሀደራ ከተማ ገበያ ውስጥ ሳልፍ የጉያቫ ሽታ ከሩቅ ተቀበለኝ። አገር ቤት ዘይቱን የሚሉት ፍሬ ነው። ሽታው የሚከብደው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ግን ወደ ክምሩ ቀረብኩ። ሻጩ “ልመዝንልሽ?” ሲለኝ ከበሰለው መሐል ጥሬውን እየፈለግሁ ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው በሀደራ የባሕር ዳርቻ ሰፈር፣ በጊቫት ኦልጋ፣ ምድር ቤት ሲሆን ከኋላ ባለችው ጠባብ ጓሮ አንድ የጉያቫ ዛፍ ነበረን። የመጸው በዓላት አልፈው ዝናቡ ገና ሳይጥል፣ የባሕሩ ነፋስ የተሰጣ ልብስ አላደርቅ በሚልበት ሰሞን ፍሬው ይደርሳል። እናቴ የበሰለውን ከጥሬው ደባልቃ ትለቅማለች፤ ጥሬ ካልገባበት አይረጋም። ቆራርጣ ትቀቅልና በንጹሕ ነጠላ ቋጥራ ታንጠለጥለዋለች። “እንዳትጨምቂው፣ ይደፈርሳል” ትለኛለች ሁልጊዜ። ጠብ ጠብ ሲል ያደረውን ጭማቂ ከስኳርና ከሎሚ ጋር ስታፈላው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የማር መልክ ያለው ማርማላታ ይወጣዋል።

በዚያ ዓመት እናቴ እርጉዝ ነበረች፤ መውለጃዋ ገና ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ድስቱ ተጥዶ ቆማ ታማስላለች። ቦርሳዬን ሳነሣ፣ ዞር እንኳ ሳትል፣

“ዛሬ ከትምህርት ቤት ቅሪ” አለችኝ።

እናቴ ቅሪ ብላኝ አታውቅም።

“ምነው እማዬ?”

“እስኪ ይርጋ።”

ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ ታደርግና በጣቷ ትገፋዋለች። ይፈስሳል። ደግሞ ታማስላለች። ግራ እጇ ግን ከሆዷ አልተነሣም። አንዴ ጎኗን ጫን ታደርጋለች፣ አንዴ ከሥር ትደግፋለች፣ አንድ ነገር እንደምታዳምጥ ሁሉ።

“ምን ሆነሻል?”

“ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። የእርግዝና ክትትሌ ነርስ ‘እንቅስቃሴው ሲጠፋብሽ ጣፋጭ ቅመሺ፣ ይነቃል’ ብላኝ ነበር።”

“ታዲያ ስኳር አለ አይደል? ለምን ይሄን ትጠብቂያለሽ?”

“ስኳሩንማ ሌሊቱን በጥብጬ ጠጣሁት።”

ማርማላታውን የምታፈላው እጇን ሥራ ለማስያዝ ብቻ ነበር። እሳቱን አጠፋሁ። “ሊረጋ እኮ ነው” አለች፣ ነጠላዋን ስደርብላት። አባዬ ፋብሪካ ስለነበሩ ስልካቸውን አላነሡም፤ መልእክት ተውኩላቸው። ታክሲ ጠራሁ። መንገዱን ሙሉ እሷ እጇን ሆዷ ላይ፣ እኔም እጄን በእጇ ላይ እንዳደረግን ሄድን።

ሆስፒታል አንዲት ዶክተር በመሣሪያ ሆዷን አዳምጣ በዕብራይስጥ ፈጠን ፈጠን ብላ ነገረችኝ። እናቴ ዕብራይስጥ ብዙም አትሰማም። የምታየው የእኔን አፍ ነው።

“ምን አለች?”

“ልቡ ይመታል።” አስቀድሜ ይህን አልኩ። ፊቷ ፈታ ሲል ቀሪውን መናገር ጨነቀኝ። “ግን እየደከመ ነው። ሆድሽን ከፍተን እናውጣው ትላለች። አሁኑኑ።”

“በቢላ? አይሆንም። አባትሽ ይምጡ!”

“ጊዜ የለንም፣ ንገሪያት” አለች ዶክተሯ።

“እማዬ፣ እስኪመጡ አይቆይም።”

ትክ ብላ አየችኝ። “አንቺ ብትሆኚስ ልጄ?”

እንዲህ ያለ ጥያቄ እናቴ ጠይቃኝ አታውቅም። “እኔ ብሆን እሺ እላለሁ።”

“እንግዲያው እሺ በያት።”

አልጋውን እየገፉ ወሰዷት። አባዬ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ እየሮጡ መጥተው “ማን ፈቀደ?” አሉ። “እኔ” ማለቱን ፈራሁ፤ “እማዬ” ማለትም አቃተኝ። አጠገቤ ተቀምጠው ትከሻዬን ያዙኝ። ሁለታችንም በሩን እያየን ቆየን። በመጨረሻ ከውስጥ አንዲት ነርስ ወጥታ “ሴት ናት፣ ትተነፍሳለች” ስትል፣ ለአባዬ ወደ አማርኛ ልመልሰው ዞርኩ። እሳቸው ግን ከፊቴ አነበቡት።

ማርማላታው አልረጋም፤ ቀጭን ሽሮፕ ሆኖ ቀረ። እኔና አባዬ በዳቦ ጨረስነው። እኅቴ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሰንብታ ቤቷ ገባች። ዛሬ በየጠዋቱ ከሀደራ ምዕራብ ጣቢያ ባቡር ይዛ ቴል አቪቭ ሄዳ ትማራለች።

እናቴ ግን እስከ ዛሬ “ፈራሁ” የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ስለዚህ ስደውልላት መጀመሪያ የምጠይቃት “ምን እየሠራሽ ነው?” ብዬ ነው። “ምንም፣ ቁጭ ብያለሁ” ካለችኝ ደኅና ናት ማለት ነው። “ቤቱን እያጠብኩ ነው” ካለችኝ ግን የጀመርኩትን ሁሉ ትቼ ወደ እርሷ እሄዳለሁ።