በአንድ ጠዋት የሰጠኋት ልጅ

ወደ ቤቴ የተመለስሁት ወገቤ ስለ ከዳኝ ነው። ሌላ ምክንያት ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ናፍቆት ቢሆን ኖሮ ቀደም ብዬ እመጣ ነበር፤ ናፍቆትን ሰው ይለምደዋል፣ የወገብ ሕመም ግን አይለመድም።

ሥራዬ የእህል ወፍጮ መትከልና መጠገን ነበር። ከመተከል እስከ ባሌ፣ ከመተማ እስከ ጋምቤላ፣ ወፍጮ በቆመበት ሁሉ እጠራለሁ። ድንጋዩን እወቅራለሁ፣ ኩሽኔታውን እቀይራለሁ፣ ሞተሩን አስነሣለሁ። ዱቄቱ ልሞ ሲወርድ በጣቶቼ አሽቼ አየዋለሁ፤ ከዚያ ዕቃዬን ሸክፌ ወደሚቀጥለው ከተማ እሄዳለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ፊደሉንም ሞተሩንም ለብቻዬ ነው የለየሁት። የምተኛው እዚያው ወፍጮ ቤት ጆንያ ላይ፣ ሲሻል ደግሞ መናኸሪያ አጠገብ ባለ አልጋ ቤት ነበር። ባሕር ዳር ያለው ቤታችን በዚህ ድካም ተሠራ፤ አንድ ልጄም በዚሁ ድካም ተማረች። ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም። ሰው ያልሠራውን ሠራሁ ማለት እንደሌለበት ሁሉ የሠራውንም መደበቅ የለበትም።

በበዓል በበዓል እመጣ ነበር። በበዓል የሚመጣ ሰው ግን ቤቱን አያውቅም። በግ ይታረዳል፣ ቤቱ ይጸዳል፣ ሁሉም ይስቃል። እኔም ቤቴ ዘወትር እንዲህ ነው ብዬ እሄድ ነበር።

ለሁልጊዜው ስመጣ የራሴ ቤት እንግዳ ሆንሁ። ጠዋት ብርድ ልብሴን አጥፌ ራስጌ አስቀምጣለሁ። የበላሁበትን ሳህን አንሥቼ አመሰግናለሁ። ለመታጠብ ስሄድ ሳሙናዬን ከሻንጣዬ አውጥቼ እሄዳለሁ፤ ስጨርስ አድርቄ ወደ ሻንጣዬ እመልሳለሁ።

“አንተ ሰው፣” አለችኝ ሚስቴ አንድ ቀን፣ “ሳሙናህን ማን ይሰርቅሃል?”

“ልማድ ነው።”

“የኔ ልማድ ደግሞ ሳሙና ማስቀመጫው ላይ ሳሙና ማየት ነው።”

ድምፄም ችግር ነበር። ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው ካልጮኸ አይሰማም፤ እኔም ዕድሜዬን ስጮህ ኖሬአለሁ። እራት ላይ “ጨው አቀብሉኝ” ስል ሚስቴ ትደነግጣለች። ልጄ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ በለሰለሰ ድምፅ ከሰው ጋር መነጋገር ለምዳለች። “አባባ፣ አጠገብዎ ነኝ እኮ” ትለኛለች። እናቷን “አንቺ” ትላለች። ጎረቤታችን የሚኖረውን አጎቷን፣ የሚስቴን ወንድም፣ “አንተ” ትለዋለች፤ ትከሻውን እየመታች ትቀልድበታለች። እኔን “እርስዎ” ትለኛለች። ታላቅን አክብሪ ብዬ በስልክ የመከርኋት እኔ ነኝ። አክብሮቱ ቤት ውስጥ ሲደርሰኝ ግን በረደኝ። ሳሎን ስገባ የያዙት ጨዋታ ይቋረጣል። ክፋት የለበትም፤ ከየት ጀምረው እንደሚነግሩኝ ስለማያውቁ ነው።

ስለዚህ ቀኑን ሐይቁ ዳር አሳልፍ ነበር። ዓሣ የሚያወርዱትን እያየሁ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። አንበሳሜ ወይም መሸንቲ ብወርድ “መካኒኩ መጣ!” ብሎ የሚጠራኝ ሰው አላጣም። በገዛ ከተማዬ ግን የሚያውቀኝ አልነበረም። ከዓሣ ሻጮቹ አንዱ ለጉብኝት የመጣሁ መስሎት በጀልባ ወደ ገዳማቱ ልውሰድዎ ብሎኛል።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በአንድ እሑድ ማለዳ ነው። ሚስቴና ልጄ ጓዳ ነበሩ። እኔ ግቢው በር ላይ ቆሜ ማጠፊያውን ግራሶ እቀባ ነበር፤ እጄ ጥቁር ነው። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት አዛውንቶች ብቅ አሉ። ከሁሉ የሚበልጡት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

“እንደምን አደሩ። እርስዎ ተከራይ ነዎት?”

“የቤቱ አባወራ ነኝ።”

“ኧረ ይቅር ይበሉን! አባትየው አገር ላገር ነው የሚውሉት ብለውን እኮ ነው።”

ሳሎን አስገባኋቸው። ተቀመጡ ብል እምቢ አሉ። ለጋብቻ የሚጠይቅ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ አውቃለሁ። የልጅቷ አባት “ዘመድ እንጠይቅ፣ ተመለሱ” እንደሚል፣ ሽማግሌዎቹም እስከ ሦስተኛው ጊዜ ቆመው እየተመለሱ እንደሚለምኑ አውቃለሁ። በየአገሩ አይቼዋለሁ። ከንቱ ማመላለስ ይመስለኝ ነበር። በእኔ ሥራ ሰው “ይጠገናል?” ብሎ ሲጠይቅህ ቆመህ ይጠገናል ወይም አይጠገንም ትላለህ፤ ነገ ሌላ አገር ነህና። “ተመለስ” የሚል ባለሙያን ስንቀው ኖረናል።

ትልቁ ሽማግሌ ጠየቁ። የላካቸው ልጅ መምህር ነው፤ ልጄን ለትዳር ይፈልጋታል።

“ይጠጣል?” አልሁ።

“አይጠጣም።”

“ልጄ ታውቀዋለች?”

መሬት መሬት አዩ። “ይተዋወቃሉ ይባላል።”

“እንግዲያው ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።”

ሦስቱም ተያዩ። አንደኛው አሳላቸው። ትልቁ “አሁን ነው የሚሉን?” አሉ።

“ታዲያ መቼ?”

ወንበሩ የሚፈጅ ይመስል ጫፍ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ ሰላም አለቻቸው። ለዚያ ቀን የተሰናዳ ምንም አልነበረም። ውሃ ጠጥተው፣ መርቀው ወጡ።

በሩን ዘግቼ ስመለስ ልጄ ሳሎኑ መሐል ቆማለች። አልጮኸችም።

“የተረፈ ዕቃ ነኝ፣ አባባ?”

“ምን አጠፋሁ? ልጁን ትወጂዋለሽ መሰለኝ።”

“እወደዋለሁ። እናቱ ግን ምን ትላለች? ‘ሊገላገሏት ሲጠብቁ ነበር’ ነው የምትለኝ። ዕድሜ ልኬን ነው የምትለኝ።”

ሚስቴ ቀጠለች። “መመላለሱ ለሽማግሌዎቹ መሰለህ? ለእሷ ነው። ቤቷ እንደሚሳሳላት እንዲያውቁ ነው። እኛ ስለ ልጁ ከሰማን ቆየን፤ በዚህ ሳምንት ልንነግርህ ነበር።”

እንግዲህ ሁሉም ያውቅ ነበር ማለት ነው። አጎቷም ጭምር። ልቆጣ አፌን ከፈትሁ። ያኔ ልጄ ቀስ ብላ “ለመስጠት እኮ መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል” አለችና ክፍሏ ገባች። ቁጣዬ በረደ።

ቀትር ላይ የሚስቴ ወንድም መጣ። ነገሩን ሰምቶ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

“ጋሼ፣ እህል እንኳ ወፍጮ ቤት ተራ ይጠብቃል!” አለኝ። ከዚያ ፊቱን አስተካክሎ “ከፈለጉ እኔ ሄጄ ሽማግሌዎቹን ላነጋግራቸው” አለ።

ሚስቴ ወዲያው እፎይ አለች። ያን እፎይታ አየሁት። እስከ ዛሬ ቤቱ ሲቸግረው የሚደርሰው እሱ ነበር፤ ልጄ ስትታመም ሐኪም ቤት ያደረሳት፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ የሄደላት እሱ ነው። አሁንም እሱ ቢሄድ ይሳካለት ነበር። እኔ ግን ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ተከራይ ሆኜ እንደምቀር ገባኝ።

“እኔ እሄዳለሁ” አልሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር በእግሬ ወደ ትልቁ ሽማግሌ ቤት ሄድሁ። ቃሌን አጥፌ አላውቅም። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ጥርሱ እንዳለቀ መዘውር ነው፤ ይሽከረከራል እንጂ ምንም አይጎትትም። ይህን ለልጄ ስንት ጊዜ ነግሬአታለሁ። አሁን እሷን ላለማዋረድ ብዬ እንዳልተናገርሁ አድርጉልኝ ልል መሄዴ ነው። መመለስ አሰኝቶኝ መንገድ ላይ ቆሜ ነበር። የሐይቁ ዳር ደንገል በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ ትንሽ አየሁና ቀጠልሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ዘይቱን ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ሳቁ።

“እኛም እንደ ሰጡን ለልጁ ቤተሰብ አልነገርንም። ‘ዘመድ እንጠይቅ፣ ተመለሱ ብለውናል’ ነው ያልናቸው።”

“ውሸት ነዋ!”

“ውሸት ነው። ለልጅዎ ብዬ ነው የዋሸሁት። እርስዎንማ የት አውቅዎታለሁ?”

ውሸት ኃጢአት ነው፤ ዛሬም እንደዚያው አምናለሁ። ያን ቀን ግን የሽማግሌውን ጉልበት ለመሳም ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እንግዳ ነበሩ። ለሁለተኛው ጊዜ ሲመጡ የምለውን ልጄ አስጠናችኝ። ከሥራ ተመልሳ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች።

“ሽማግሌ ነኝ እንበል። ልጅዎን ፈልገን መጣን።”

“ዘመድ እንጠይቃለን!”

“ቀስ ብለው፣ አባባ። የሚጠየቀው ዘመድ ነው፣ ጎረቤት በሙሉ አይደለም።”

እናቷ ከጓዳ ትስቃለች። ልጄ አንዳንዴ ረስታ “አንተ” ልትለኝ ትጀምርና አፏን ትይዛለች። አላረምኋትም። ሁለተኛው ቀን ሲደርስ እንደ ተማርሁት አደረግሁ፤ ሦስት አዛውንት በቆሙበት መሸኘት ከባድ ነገር ነው፤ ቢሆንም አደረግሁት።

ሦስተኛው ሲቀርብ ሚስቴን “አራት ጊዜ ቢመጡስ?” አልኋት።

“አሁን ደግሞ ልታስቀራት ነው?”

“ለክብሯ ብዬ ነው።”

“ለክብሯ ሦስት ይበቃል” አለችኝ። ትኩር ብላ አየችኝ። እውነቷን ነው፣ ለክብሯ አልነበረም። ልጅቷ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ አብረን የምንነጋገርበት ነገር አብሮ ይሄዳል። ሰው ቤቱን ሲሠራ ይኖራል፤ ገብቶ መቀመጥ ሲጀምር ያሳደጋቸው ይወጣሉ። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ የሚያማርር ሰው ሞኝ ነው። እኔም ሞኝ ሆኜ ከርሜአለሁ።

ሦስተኛው እሑድ የሚስቴ ወንድምም አጠገቤ ቆመ። ትልቁ ሽማግሌ ጠየቁ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ያኔ ግራሶ በነካው እጄ በአንድ አፍታ የሰጠሁት መልስ ነው። አሁን ግን አልወጣ አለኝ።

“ጋሼ” አለኝ የሚስቴ ወንድም በሹክሹክታ።

“ተቀመጡ” አልሁ። ድምፄ ከማነሱ የተነሣ ሽማግሌዎቹ አልሰሙኝም፤ ደግሜ አልሁት። ያን ጊዜ ተቀመጡ።

ምግብ ቀረበ፤ በልተው ሲጨርሱ ትልቁ ሽማግሌ “እንግዲህ ስለ ልጅቷ ጠባይ ንገሩን፤ ልጃችን ምን ይዞ እንደሚሄድ ይወቅ” አሉ። ሚስቴ ተናገረች። ወንድሟ ብዙ ተናገረ፤ በልጅነቷ ከውሻ ስለ ቀማችው ቡችላ፣ ፈተና ስታልፍ ስላለቀሰችው፣ ብይ ሲሏት እንዴት እንደምትግደረደር። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

“ጠዋት ስትነሣ አትናገርም” አልሁ። “ተቆጥታ አይደለም። ፊቷን ታጥባ፣ በረንዳው ላይ ፀጉሯን እስክታስር ድረስ ዝም ብሎ ይተዋት። ይህን ካላወቀ በከንቱ ይከፋዋል።”

ብዙ ጠዋት በከንቱ ከፍቶኝ ነበር ያወቅሁት። ከመጋረጃው ጀርባ የልጄ ሳቅ ተሰማ። የሚስቴ ወንድምም “እውነት ነው፣ እኔ እንኳ አላስታወስሁትም” አለ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው “ሌላስ?” አሉኝ።

አሰብሁ። “የማውቀው ይህን ብቻ ነው” አልኋቸው።