የሀጂ ሰኢድ እናት ደብተርና የዘመናይ ፎርም

ዘመናይን አሰላ ላይ የማያውቃት የለም። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ሃያ ዓመት ማመልከቻ የጻፈች፣ የማን ባል ከማን ጋር እንደተካሰሰ ከዳኛው ቀድማ የምታውቅ ሴትዮ ናት። ባዶ ቦታ ያለው ፎርም ይመለሳል ብላ ስለምትፈራ ስልክ ለሌለው "የለውም"፣ ጠበቃ ለሌለው "የለውም" ትሞላና ትገላገላለች።

አሁን እጇ ፈጣን ነው ተብሎ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ወሰዳት። የሰዉን የድሮ ጽሑፍ ፎቶ እያነሳች ኮምፒዩተር ታስገባለች። ኮምፒዩተሩ ታዲያ የቋንቋውን ኮድ ካልመረጡለት ወይ ፍንክች።

ጨርቅ ነጋዴው ሀጂ ሰኢድ የእናታቸውን ደብተር አመጡ። ፊደሉ የዐረብ ነው፤ ቋንቋው ግን ዐረብኛም ኦሮምኛም አይደል፣ ከዝዋይ ማዶ የመጡበት ሰፈር ንግግር ነው። አሰላ ላይ የሚያነበው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ረቡዕ መጥተው እያነበቡ ሊቀረጹ ተቀጣጠሩ። ዘመናይ ዝርዝሩን ብታስስ ኮዱ የለም። ታች "ቋንቋ የለውም" የሚል አየችና ጠቅ! አለፈላት።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት፣ የልጅ ልጃቸው ሂክማ ደብተሩን በስልኳ አወጣችና ከሥሩ የተሞላውን "ቋንቋ የለውም" ጮክ ብላ አነበበችው። ሜትሩ ከሀጂ እጅ ወደቀ።

ተናደው፣ ሂክማን አስከትለው ዘመናይ ዘንድ መጡ። ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነው።

"እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያለ ቋንቋ ስትጮህ ነው የኖረችው በይኛ። ደብተሬን ስጪኝ። ከሳጥንሽም አውጪው።"

ዘመናይ ምርጫውን ከፍታ ብታነብ ለሥዕልና ለካርታ፣ ቃል ለሌለበት ነገር የተሠራ ነው። እዚያ የከተተችውን ብትቆጥር አርባ አንድ ጽሑፍ፤ ከጢቾ የመጣ፣ ከሁሩታ የመጣ። ዝርዝሩን እንደገና አየችው። ከላዩ "ኮድ ያልወጣለት" የሚል ነበር፣ ስም የሚጻፍበት ቦታም ነበረው። በችኮላ አላየችውም።

"ይቅር ይበሉኝ ሀጂ። የቋንቋውን ስም ይንገሩኝ፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።"

አሁን ደግሞ ሀጂ ደነገጡ። ሂክማን አዩ፣ መሬቱን አዩ።

"ስሙን? እቤት ማን በስም ይጠራዋል? እናወራው ነበር እንጂ። ጎረቤት ያወጣለት ስም አለ፣ እሱ ግን ስድብ ነው። እንዳትጽፊው።"

ዘመናይ የእናታቸውን ስም ጠየቀች፤ መይረማ አሏት። ቀስ ብላ "ከዝዋይ ማዶ የመጣችው የመይረማ ቤት ንግግር" ብላ ጻፈች። ሂክማ ሁለቴ አነበበችላቸው። ሀጂ መነጽራቸውን አድርገው መቅረጫው ፊት ተቀመጡ።

እስከ ዙሁር ሰላት አነበቡ። ዘመናይን ሰላም ያሏት ግን በሳምንቱ ነው አሉ።