ንቦች በቀትር የመሸባቸው ቅዳሜ

መቱ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «እሰይ፣ ስንቱን ለወግ ለማዕረግ አበቁ!» ይለኛል። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ ምስጋናዬን እቀበላለሁ። ስንቱን ከሒሳብ እንዳባረርኩ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ደፍሬ አልተናገርኩም።

ትምህርቱ በኦሮምኛ መሰጠት የጀመረ ሰሞን ቃላቱን ከተማሪዎቼ እኩል ነበር የምማረው። ሰሌዳው ላይ ሒሳብ ለማለት «ሄሬጋ» ብዬ ጽፌ ዞር ስል አፋቸውን በደብተር ሸፍነው ይንፈቀፈቃሉ። «ባርሲሳ፣ አንድ ፊደል ዋጡ እኮ!» ይለኛል ከመካከላቸው ደፋሩ። ባርሲሳ መምህር ማለት ነው፤ እኔም መምህር መሆኔን ያሳየሁ መስሎኝ ስለሳቁብኝ አሥር ከባድ ጥያቄ እደረድርላቸዋለሁ። አያችሁ፣ ጥፋቱ የእኔ፣ ቅጣቱ የእነሱ። ጥሩ ክፍፍል ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲያ አንዲት ተማሪ ብቻ ቀረችኝ፤ የልጄ ልጅ። ሰባተኛ ክፍል ናት። ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጣ ታጠና ነበር። ኔጌቲቭ ቁጥር ላይ ስንደርስ ነገር ተበላሸ።

«አባባ፣ ሦስት ብርቱካን ካለኝ እንዴት አምስት ይወሰድብኛል?» አለች።

«ደንቡን ያዢ! ኔጌቲቭ ሁለት ይሆናል።»

«ኔጌቲቭ ሁለት ብርቱካን ምን ይመስላል?»

ጥያቄው ግሩም ነበር። እኔ ግን ጠረጴዛውን መታሁ። ደብተሯን ቀስ ብላ ዘጋች፤ ወደ እናቷ ሄዳም «ከአባባ ጋር ሒሳብ ከማጠና ያዮ ጫካ ወርጄ ቡና ብለቅም ይሻለኛል» አለቻት። ከዚያ ወዲህ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። ፈተናዋ ያስጨነቀኝ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም፤ ፈተና ስንቱን አይቻለሁ። በዚያ ቤት አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ እሷን በኔጌቲቭ ሁለት ብርቱካን አጣኋት።

በኋላ ከእናቷ እንደሰማሁት ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያው ጀርባ ወዳለች አንዲት ክፍል ትሄዳለች። እዚያ አንዲት ወጣት መምህርት ልጆችን የኮምፒውተር ጌም አሠራር ታስተምራለች። ሒሳብ የጠላች ልጅ ጌም ልትሠራ? ነገሩ ከነከነኝ። አላስቀምጥ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ ሄድኩ፤ በሩ ላይ ስደርስ ምክንያት ማዘጋጀቴን እንደረሳሁ ትዝ አለኝ።

«ጃንጥላዬን እዚህ ጥዬው እንደሆን ብዬ ነው» አልኩ።

መምህርቷ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ጋሼ፣ እጅዎ ላይ ያለውስ?»

ለካስ የድሮ ተማሪዬ ናት። እኔ አላወቅኋትም፤ እሷ ግን እንዴት ትርሳኝ? «ይግቡ» አለች እየሳቀች። «እርስዎ እኔን አንበርክከውኝ ነበር። እዚህ ግን ወንበር አለ።» ከኋላ ተቀመጥኩ። ወንበሩ የሕፃን ስለሆነ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ፤ ከመንበርከክ ብዙም አልራቀም።

አምስት ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ ለሁለት ልጅ አንድ። ትእዛዞቹ ባለቀለም ብሎኬት ይመስላሉ፤ ልጆቹ በማውስ እየጎተቱ አንዱን ካንዱ ያጋጥማሉ። የልጅ ልጄ ስክሪኑ ላይ አንድ ዋንዛ ተክላ ቀፎ ሰቅላበታለች። ንቧ አበባ ቀስማ ወደ ቀፎው ትመለሳለች። ንቧን ወደ ግራ ልትነዳ ስትል ምን ብትጽፍ ጥሩ ነው? የመቀነስ ምልክት አድርጋ መቶ!

«ያ እኮ ኔጌቲቭ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ዞር ብላ አየችኝ። መምጣቴን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። «አይደለም» አለች ቀዝቀዝ ብላ። «ወደ ግራ ነው።»

አፌን ዘጋሁ። ግን እስከ መቼ? ጥቂት ቆይታ ለጓደኛዋ «ሲመሽ ቀፎ ይግቡ፤ ኮምፒውተሩ ሰዓት ስለሚያውቅ በእሱ እናድርገው» ስትል ሰማሁ። «በስንት ሰዓት ይሁን?» ተባባሉ። ሳልጠራ ተነሣሁ።

«ንብ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች። አሥራ ሁለት ብለሽ ጻፊ፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ።»

እኔን ለመገላገል ስትል አሥራ ሁለት ብላ ጻፈች። እኔም ሥራው የእኔ እስኪመስለኝ ድረስ ኮራሁ።

በሳምንቱ ወላጆች ተጠሩ። ጠዋት ተሞክሮ ሁሉም ደህና ነበር። የእሷ ተራ ሲደርስ ቀኑ ጋመ። ለመጫወት ወንበሩ ላይ የተቀመጡት የአንዷ ልጅ እናት፣ ከያዮ ማር እያመጡ የሚነግዱ ሴት ነበሩ። ማውሱን እንደ እንቁላል ያዙት። ሁለት አበባ እንደ ቀሰሙ ስክሪኑ ድርግም አለ፤ ንቦቹ ሁሉ ተግተልትለው ቀፎ ገቡ።

«ዱከናኤ! ጨለመ!» አሉ ልጆቹ።

«ኧረ ምን ጉድ ነው» አሉ ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ እያዩ፤ «ፀሐዩ አናት እየበሳ በቀትር መሸ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የልጅ ልጄ በር በሩን ማየት ጀመረች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየክፍሉ አይቼዋለሁ። እንዲህ ያዩ ልጆች ይወጣሉ፤ ከወጡም አይመለሱም። በሕይወቴ ብዙም ያልለመድኩትን ነገር አደረግሁ።

«አሥራ ሁለት ያስባልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «ስህተቱ የእኔ ነው።»

«ጋሼ! እርስዎም ይሳሳታሉ?» አለች መምህርቷ።

«በጡረታ ነው የጀመርኩት።»

ሳቁ ከልጅቱ ላይ ተነሥቶ እኔ ላይ ሰፈረ። ይስፈር። እሷ በዚህ መሀል የስክሪኑን ጥግ፣ ቀጥሎ የግድግዳውን ሰዓት አየች። አንዱ አሥራ ሁለት ይላል፤ ሌላው ስድስት። «እሱ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው» አለች ለራሷ። «ከእኛ በስድስት ይቀድማል። ስድስት ልቀንስለት።» አንድ ብሎኬት ጨመረች፤ ጥጉ ላይም የእኛ ሰዓት እንዲታይ አደረገች። ስድስት። ነጋ፤ ንቦቹ ወጡ። ተጨበጨበ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አመስግኜ እሄድ ነበር። የማር ነጋዴዋ ግን ከወንበሩ አልተነሡም።

«ልጄ፣ እኛ ማር ጭነን ከያዮ የምንነሣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ንቦችሽ ምን ያደርጋሉ?»

መምህርቷ የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደዚያ አዞረችው፤ በእሱ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ስድስት ሲቀነስለት ጥጉ ላይ የመቀነስ ምልክት ያለው ሦስት ወጣ። ከአሥራ ሁለት ስለሚያንስ ስክሪኑ ቦግ አለ፤ ንቦቹ በዚያ ሌሊት ሥራ ጀመሩ።

«እነዚህስ እንደኔው መከረኞች ናቸው!» አሉ ሴትዮዋ።

የልጅ ልጄ አልሳቀችም። ቁጥሩ ላይ አፍጥጣ ቀረች። እኔ መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር፤ ደንቡ፣ ምልክቱ፣ ሁሉም። የጃንጥላዬን እጀታ ነከስኩ።

«ዜሮ የሚሆነው መቼ ነው?» አለች ቀስ ብላ። ጣቶቿን ቆጠረች። «በእሱ ስድስት ሲሆን... በእኛ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት። ዜሮ ማለት ሲነጋ ነው!» ከዚያ ብድግ አለች። «እንግዲያው ይሄ ሊነጋ ሦስት ሰዓት ሲቀረው ነው። ከዜሮ በታች ማለት ገና አልነጋም ማለት ነው!»

ከዜሮ በታች ከሆነም ይጨልም የሚል ትእዛዝ ጨመረች። ጨለመ። ንቦቹ ተኙ። ሴትዮዋ «እፎይ፣ እነሱ እንኳ ይረፉ» ብለው ተነሡ።

እኔ ከዚያች የሕፃን ወንበር ቶሎ አልተነሣሁም። ጉልበቴ ብቻ አይደለም ያስቀረኝ። ስንት ሺህ ጊዜ ያችን የቁጥር መሥመር ሰሌዳ ላይ አስምሬአለሁ፤ ዜሮን መሀል ላይ አድርጌ፣ ግራና ቀኙን በቁጥር ሞልቼ። ዜሮው ላይ ፀሐይ እንደምትወጣ አንድም ቀን አላየሁም። ከዜሮ በታች ስንት ያልነጋ ሰዓት አለ? ወደ ኋላ ቢሄዱ የትናንት ማታ፣ ከዚያም የትናንት ቀን ይመጣል? ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሲደራረብብኝ እንደ ሕፃን እግሬን አወዛወዝኩ። የምጠይቀው ሰው ግን አልነበረኝም፤ የሚያውቀው ሰው እኔ ነኝ ተብሎ ነበራ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጎን ለጎን ሄድን። ወደፊት አልቀደመችኝም። በማግስቱ ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ቆሎ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ደብተሯን ይዛ መጣች። አልተቀመጠችም።

«አንድ ደንብ አለ» አለች።

«የምን ደንብ?»

«እርስዎ አይናገሩም። እኔ ካልጠየቅሁ በስተቀር።»

«እሺ።»

«ጠረጴዛም አይመቱም።»

«ጠረጴዛውም ደስ ይለዋል» አልኩ።

ተቀመጠች። ሦስተኛው ጥያቄ ኔጌቲቭ ሁለት ሲቀነስ አምስት ይል ነበር። ኔጌቲቭ ሦስት ብላ ጻፈች። ስህተት! ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ተተከለ። ቆሎዬን አፌ ውስጥ ሞጀርኩና ማኘክ ቀጠልኩ። ሁለተኛም ጨመርኩ። ጉንጬ ሁለቱም በኩል ተነፋ። ሠላሳ ዓመት ስናገር እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም።

እርሳሷን አስቀመጠች። «ሊነጋ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል» አለች ለራሷ። «ደግሞ አምስት ሰዓት ወደ ኋላ...» አጠፋችና ኔጌቲቭ ሰባት ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ ልክ ነው?»

ተጠይቄአለሁ፤ መናገር ይፈቀድልኛል። ግን አፌ በቆሎ ሞልቷል። ራሴን ነቀነቅሁ። እሷም ሳቀችና ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ ገጹን ገለጠች።