ማጠቢያው ማሽን ሲቆም

ጅዳ፣ በግዳዲያ በሚባለው ሰፈር በምሠራበት ቤት ዘይነብ ነው የምባለው። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ማርታ ነው፤ ደላላው ለቪዛው ይመቻል ብሎ ቀየረው። አብራኝ የምትሠራው ከድጃ የወሎ ልጅ ናት። እሷ እንዳትጠረጥረኝ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎኗ ቆሜ ሰገድኩ፣ ረመዳንንም አብሬያት ጾምኩ።

የገና ዕለት ጠዋት ማዳም ገበያ ወጣች፤ ከድጃም ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ላይ ናት። እኔ በማጠቢያው ማሽን ድምፅ ተከልዬ አንድ የልደት መዝሙር ጀመርኩ። ንጉሡ ማንም ሳያውቀው በከብቶች በረት አደረ ይላል። ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት ስዘምረው ልቤ ጭብጨባው ላይ ነበር። አሁን ግን ስሜን ደብቄ ሰው ቤት ቆሜ ቃሉ ገባኝ። እሱም ሳይታወቅ ነው የመጣው፤ አለመታወቁም ከንግሥናው ምንም አላጎደለበትም። እንባዬ መጣ፣ ድምፄም ሳላስበው ከፍ አለ።

ለካ ማሽኑ ቆሟል። ዞር ስል ከድጃ ባዶ ዘንቢል ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ኸላስ፣ አለቀልኝ አልኩ በልቤ። ለማዳም ከነገረች ነገ አውሮፕላን ላይ ነኝ።

«ለምን አቆምሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

ዘንቢሉን አስቀመጠችና የቀረውን ስንኝ እያጨበጨበች እስከ መጨረሻው ዘመረችው። ከዚያ እንባና ሳቅ እየተናነቃት፣

«እኔ እኮ አንቺ እንዳትጠረጥሪኝ ብዬ ነው የምሰግደው» አለች። «ስሜ ትዕግሥት ነው።»