ከፀሐይ ያላመለጠችው መስኮት

በፕላስቲክ መስኮት ወርክሾፑ ውስጥ እውነተኛ ስሟን ከባሏ ሌላ ማን እንደሚያውቀው እንጃ፤ ሁሉም «ፍተሻ» ነው የሚላት። ፍሬሙ ተቆርጦ፣ ማዕዘኑ በግለት ተጣብቆ፣ መስታወት ከገባለት በኋላ የመጨረሻው እጅ የእሷ ነው። የእርሳሱን ምልክት፣ የሲሊኮኑን ልቅልቅ፣ የላስቲኩን ሙጫ በማጽጃ ኬሚካል ጠርጋ ታነሳለች። ጠርጋም አታምን፤ አንዱን መስኮት ተሸክማ ደጅ ትወጣና ፀሐይ ላይ አቁማ አንገቷን ወዲያ ወዲህ እያደረገች ታየዋለች።

«ልትድሪው ነው እንዴ?» ይሏታል።

«ብድረውስ? ቆሽሾ ከቤቴ አይወጣም!»

ድሮ የቆሸሸው ኬሚካል ከወርክሾፑ ጀርባ ይደፋ ነበር። እዚያው ጀርባ ሠራተኛው ምሳ የሚበላበት ትልቅ ዛፍ አለ። ዛፉ በአንድ ጎኑ መድረቅ ሲጀምር ሰው ሁሉ «አርጅቶ ነው» ብሎ ጥላውን ተከትሎ ወደ ሌላው ጎን ዞረ። የፍተሻ ሆድ ግን አልቆረጠም። መስታወት ገጣሚው ባሏ ያኔ ገና ባሏ ሳይሆን፣ ኋላ በደረቀው በዚያ ጎን ተቀምጣ ስትበላ «ጨው አለሽ?» ብሎ መጥቶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ያ ቦታ እንዲህ ሆኖ ሲቀር ዝም ብላ ማየት አልቻለችም።

አንድ ቀን አለቃው ዘንድ ገባች።

«ጋሼ፣ የጭቃ ውሃ እንኳ ባልዲ ውስጥ ቢያድር ይጠልላል። ይሄንንም በርሜል ውስጥ እናስተኛው። ከላይ የጠለለውን ለመጀመሪያው ጠረጋ እንጠቀምበት፤ አዲሱ ለማሳረጊያ ብቻ ይሁን። አተላውንም ቆሻሻ ወሳጆቹ በታሸገ ቆርቆሮ ይውሰዱት።»

አለቃው ነገር የሚያላምጡ ሰው ናቸው። አላመጡ፣ አላመጡና «እሺ» አሉ። «ግን በዚህ በርሜል የተነሳ አንዲት መስኮት ተበላሽታ ከደንበኛ ብትመለስ፣ በርሜልሽ አለቀለት። ወደ ድሯችን እንመለሳለን።»

ፍተሻ ሁለት በርሜል አቆመች፤ አንዱ ከነጭ ፍሬም ለተጠረገው፣ ሌላው ከቡናማው። ቡናማው ላይ ጭረት የሚሸፈንበት ቀለም አለ፤ ኬሚካሉ ውስጥ ይሟሟል፣ ቢጠልልም አይለቅም። ሁለቱ እንዳይገናኙ እንደ ጠበኛ ጎረቤት አራራቀቻቸው። የተጠቀሙበት ጨርቅ ባለክዳን የብረት ባልዲ ውስጥ ይገባል፤ ከፍቶ የተዋት ሰው ካለ «ክዳን!» የሚለው ጩኸቷ ከመቁረጫው ማሽን ይበልጣል። ሰው ቢስቅባትም ለመደ፤ ጓንትና ጭምብል የማያጠልቅም ከአጠገቧ አይደርስም።

ታዲያ ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት ነጭ መስኮቶች በሚጫኑበት ቀን የነጩ በርሜል ጎደለ። ፍተሻ ምሳዋን ከፊቷ አስቀምጣ ቆዘመች።

«ምነው?» አላት ባሏ።

«ጥቂት መስኮት ሲቀረኝ በርሜሉ ነጠፈብኝ። ዛሬ በአዲሱ ከጠረግሁ ነገ ‹በርሜሉ ምን ፈየደ?› ይሉኛል።»

ባሏ የሚስቱን ፊት ጠቁሮ ማየት አይችልም። ቀድሟት ተነሳና ከቡናማው በርሜል የጠለለውን ቀድቶ ነጩ ላይ ገለበጠው። በቆርቆሮ ጣሳ ሲታይ ቀለሙ አይለይም። ከምሳ ስትመለስ በርሜሉ ውስጥ ኬሚካል አገኘች፤ «ለካ የበርሜሉ ቧንቧ ተደፍኖ ኖሯል እንጂ አላለቀም» ብላ ደስ አላት፣ ጠረገች። ከምሳ በኋላ የጠረገቻትን የመጀመሪያዋን መስኮት እንደ ልማዷ ወደ ፀሐይ አወጣቻት።

መስኮቷ ሻይ ተደፍቶበት የታጠበ ነጭ ጨርቅ መስላለች። በአዲሱ ኬሚካል ፈተገቻት፤ ቀለሙ ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቷል፣ ወይ ፍንክች።

ባሏ ከበሩ ላይ ሲያያት ነገሩ ገባው። እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

«እኔ ነኝ... እንዲሞላልሽ ብዬ።»

መስኮቶቹን ሊወስድ የቆመው ሹፌር ከመኪናው ብቅ አለ። «ጫኚው እንጂ! ማን ፀሐይ ላይ ቆሞ ሊያየው ነው? ሕፃናት ናቸው!»

እውነቱን ነበር። ጥላ ውስጥ ምንም አይታይም። ብትጭነው ምናልባት ማንም አያውቅ፤ ብትናገር በርሜሉም፣ ዛፉም አለቀላቸው። ፍተሻ ግን መስኮቷን አላስነካችም፤ አለቃው የመኪናውን ጥሩምባ ሰምተው እስኪወጡ ድረስ እዚያው ፀሐይ ላይ ይዛት ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቺ አትሄድም። ተበላሽታለች። ከበርሜሉ ነው።»

«እኔ ነኝ ጋሼ!» ባሏ መሀላቸው ገባ። «እሷ አታውቅም፤ ቡናማውን የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። ልረዳት ብዬ...»

አለቃው ጎንበስ ብለው ፍሬሙን አዩ። ከዚያ ባልየውን አዩት። «አላዋቂ ሳሚ...» ሲሉ፣ ደጅ የተሰበሰበው ሠራተኛ ሁሉ ባንድ ድምፅ «ንፍጥ ይለቀልቃል!» ብሎ ጨረሰላቸው። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ወደ ፍተሻ ዞሩ።

«ይቺ መስኮት ከደንበኛ ተመልሳ ነው የመጣችው?»

«ኧረ ከግቢም አልወጣች።»

«ታዲያ እኔ ምን አልኩሽ? ብትመለስ አይደል ያልኩት? አንቺ ፀሐይ ላይ እስከቆምሽ ድረስ የምትመለስ የለም። በርሜልሽን የሚነካ እኔን ይነካል።» ከዚያ ወደ ቆራጮቹ ጮኹ፤ «ምትክ ፍሬም ቁረጡ! አንተም ሹፌር፣ ሞተርህን አጥፋ።»

ፍተሻ አለቀሰች። ጓንቷን ስላላወለቀች ዓይኗን መጥረግ አልቻለችም፤ ባሏ በእጅጌው ጠረገላት። «እሱ እንኳ ንጹሕ ነው?» አለችው።

በማግስቱ ባሏ ማንም ሳያዝዘው የአንዱን በርሜል ክዳን ነጭ፣ የሌላውን ቡናማ ቀባ። የተበላሸችውም መስኮት በዛፉ ትይዩ ባለው የወርክሾፑ ጓዳ ግድግዳ ላይ ተተከለች፤ ስሟም «የገጣሚው መስኮት» ሆነ። እሱ ከግቢው መስኮት ሁሉ አንደኛዋ እሷ ናት ብሎ ይሟገታል።

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ በወጣ ጊዜ፣ ፍተሻ በዚያች መስኮት ስትመለከት ከደረቀው ቅርንጫፍ ሥር አረንጓዴ ነገር አየች። ወጥታ በጣቷ ነካችው፤ ቅጠል ነው። ለማንም ሳትናገር ምሳዋን ይዛ በዚያ በኩል ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ባሏ ሰሃኑን ይዞ ዛፉን ዞሮ መጣ።

«ጨው አለሽ?»

ነበራት። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።