አንድ መጽሐፍ ብቻ የጻፉት ጎረቤቴ

ከሁሉም አብልጬ የምወዳቸው ደራሲ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው የጻፉት። አጫጭር ታሪኮች ናቸው፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ኩሽናና ቧንቧ ተጋርተው ስለሚኖሩ ሰዎች። ጌጃ ሰፈር ሳለን፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኜ፣ ከመጽሐፍ አከራይ ወስጄ አነበብኩትና ሳልመልሰው ደገምኩት። የእኛን ግቢ ኩርፊያ፣ በቧንቧ ምክንያት ሳምንት የሚቆየውን ዝምታ፣ እንዲያ አድርጎ የጻፈ ሰው አላየሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ መጽሐፋቸውን ስጠብቅ ትዳር ያዝኩ፣ ልጅ ወለድኩ፣ ሰፈራችንም ፈርሶ ልደታ ኮንዶሚኒየም ገባን።

እየጠበቅኩ ሌሎቹን አነባለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤቴ መዝገብ ክፍል ውስጥ፣ ከሥራ ስመለስ ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ። አሁን የሚወጡት ልቦለዶች ብዙዎቹ ይቸኩሉብኛል። ባለታሪኩ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ስለ ሕይወት ትርጉም ያስተምረኛል። የባለሥልጣናት ማስታወሻ ደግሞ ሁሉም ትክክል የነበሩበት፣ ያጠፋው ግን ሌላ ሰው የሆነበት ወፍራም መጽሐፍ ነው። ፌስቡክ ላይ የተወደደ ጽሑፍ ተሰብስቦ ሲታተም አንዱ ገጽ ደስ ይላል፤ ሃያውን በተከታታይ ሲያነቡት ስኳር እንደበዛበት ሻይ ያንገሸግሻል።

አንድ እሑድ የነዋሪዎች ስብሰባ ነበር። የስብሰባው ጸሐፊ ስም ሲጠራ የደራሲዋን ስም ከነአያታቸው ሰማሁ። ከኋላ የተቀመጡ፣ ሹራብ የደረቡ ቀጭን ሴትዮ «አለሁ» አሉ። ስብሰባው ምን እንደወሰነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲያልቅ ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው።

«ይቅርታ እትዬ፣ መጽሐፍ የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«የትኛውን?»

«ሌላም አለ እንዴ?»

«የለም» ብለው ሳቁ። «ብዙ የጻፉ ሰዎች ‹የትኛውን?› ብለው ሲመልሱ እሰማለሁ፤ እኔም አንዴ ልሞክረው ብዬ ነው።»

የሚኖሩት ብቻቸውን፣ ከእኛ ፊት ለፊት ካለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሱቅ እንጀራ ስንገዛ ኖረናል። ከዚያ ቀን በኋላ ያነበብኩትን እወስድላቸዋለሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልብስ ማስጫው አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን እንከራከራለን። መጀመሪያ የወሰድኩላቸው የአንድ ወጣት ልቦለድ ነበር፤ እኔ አልወደድኩትም።

«ይሄን ልጅ ለምን ናቅሽው?» አሉኝ ሲመልሱልኝ።

«ወሬ ያበዛል።»

«ያበዛል። ግን ያቺን መበለት አየሻት? ባሏን ቀብራ ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው የተሰጣ ሸሚዙን ከገመድ ላይ ማውረድ ነው። ይሄን ያየ ልጅ ሌላውን ይማራል።»

እኔ ያንን ገጽ ዘልዬው ነበር። ቤቴ ገብቼ ፈልጌ አነበብኩትና አፈርኩ። እንዲህ አብሮኝ የሚያነብ ሰው ከዚያ በፊት ኖሮኝ አያውቅም። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ መጽሐፍ ሲሰጡት ግን ውፍረቱን አይቶ ይመልሳል።

አንድ የክረምት ቅዳሜ ዝናቡ እቤታቸው አስቀረኝ። ያኔ ጠየቅኳቸው። «ሁለተኛውን ለምን አልጻፉም?»

መስኮቱን ዘግተው መጥተው ተቀመጡ።

«ጀምሬ ግማሽ አድርሼው ነበር። እናቴ ታመመች። ሰባት ዓመት አልጋ ላይ ሆና እኔ ነበርኩ የማስታምማት። እሷ ካረፈች በኋላ አውጥቼ ሳነበው ሰዎቹን አጣኋቸው። ስማቸው አለ፣ ሥራቸው አለ፤ ድምፃቸው ግን የለም።»

«እኔ ላንብበው?»

«አይሆንም፣ ልጄ።»

ቁጣ አልነበረበትም፤ ሁለተኛ እንዳልጠይቅ ግን ገባኝ። እቤቴ ስገባ የማውቀው ሰው የሞተብኝ ያህል ከፋኝ። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት መጽሐፍ እንደማይመጣ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ዓምና ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ አለ። የወንድማቸው ልጅ ከተማው ዳር ወዳለው፣ ደረጃ ወደሌለው ቤቷ ወሰደቻቸው። ዕቃቸው የተጫነው እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ነው። ስመለስ ያዋስኳቸውን አራት መጽሐፍ ለጎረቤት ሰጥተውልኝ ሄደዋል። ምናልባት አንድ ቃል ጽፈውልኝ እንደሆነ ብዬ ሁሉንም ገጽ በገጽ ገለበጥኩ። ምንም አልነበረም። በቀጣዩ እሑድ ልብስ ላሰጣ ወርጄ አግዳሚው ላይ ብቻዬን ትንሽ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ወር የአንዲት ወጣት የመጀመሪያ መጽሐፍ ገዛሁ። ስለ ኮንዶሚኒየም ኑሮ ነው፤ አይቸኩልም። ሦስተኛውን ታሪክ ሳልጨርስ ደወልኩላቸው።

«አንብቢልኝ እስቲ» አሉ።

ኔትዎርክ ፍለጋ በረንዳ ላይ ወጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጎረቤቶቼ ምን እንዳሉኝ እንጃ። መሐል ላይ ተቋረጠ፤ ብሞክር ብሞክር አልገባም። በማግስቱ ጠዋት ራሳቸው ደወሉ።

«ከዚያስ ልጅቷ ምን ሆነች?»

«አልነግርዎትም፤ መጽሐፉን አመጣልዎታለሁ።»

ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አሁን እኔ ነኝ የማነብላቸው። ያቺን ታሪክ እንደጨረስን የመጨረሻውን አንቀጽ ድገሚልኝ አሉኝና ደገምኩላቸው። «ጎበዝ ናት» አሉና መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ያንን ግማሽ የቀረ መጽሐፋቸውን እያሰቡ እንደሆነ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። አልጠየቅኩም፤ ታክሲ ሳይጠፋ ተነሣሁ።