ማዛል የላትም ያለኝ እንግሊዝ

በዕብራይስጥ ሚግራሽ የምንለው የክርያት ሞሼ ኳስ ሜዳ ዛሬ አረንጓዴ ምንጣፍ ለብሷል፣ መብራትም ተተክሎለታል። ሴት ልጆችን ኳስ የማሰለጥነው እዚያ ነው። እውነቱን ልናገር? እኔን የድሮው ሜዳ ይናፍቀኛል። አፈር ነበር። ስንወድቅ ጉልበታችን ይላጣል፣ ኳሷ አጥሩን ዘላ አስፋልት ላይ ስትወርድ መኪና እስኪያልፍ ቆመን እንጠብቃለን፣ እናቶች ከፎቅ መስኮት «ነይ ግቢ!» እያሉ ይጮሃሉ። የሰፈሩ ግማሽ ጫጫታ የእኔ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ወታደርነቴን ጨርሼ ምን እንደምሆን ግራ የገባኝ በጋ ላይ አንድ እንግሊዝ መጣ። አሜሪካ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ ነው፤ ተጫዋች ፍለጋ አገር ላገር ይዞራል። ከመረጠሽ ሚልጋ ይሰጥሻል፣ ኳስ እየተጫወትሽ በነጻ ትማሪያለሽ። አሰልጣኛችን ይህን ከነገረን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር የለም።

የፈተናው ጨዋታ ዕለት አባቴ ከፋብሪካ ጥበቃ ሥራው ወጥቶ በዚያው በዩኒፎርሙ መጣ፤ ከታናሽ እህቴ ጋር አጥሩ ሥር ቆመ። እኔ የመጀመሪያዋን ብመታ ብረቱን ገጭታ ተመለሰች። እንግሊዙ ከዳር ሆኖ እያጨበጨበ «አንላኪ!» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ በረኛዋ በጣቷ ጫፍ አወጣችብኝ። «አንላኪ!» የሚቀጥለዋን ሰማይ ሰደድኳት። «አንላኪ፣ አንላኪ!»

«ምንድነው የሚላት ይሄ ሰውዬ?» አለ አባቴ ለእህቴ።

እህቴ ያኔ በእንግሊዝኛ የሚስተካከለኝ የለም ባይ ነበረች። «ማዛል የላትም ነው የሚለው፣ አባ» አለችው።

በቃ። አባቴ ጨዋታው መሀል ዘው ብሎ ገባ። ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል፣ ልጆቹ «ሬጋ! ሬጋ!» እያሉ ሊያስቆሙት ይሞክራሉ፣ እሱ ማንን ሊሰማ! ክንዴን ያዘና «ነይ ወደ ቤት» አለኝ። «ልጄን በአደባባይ ዕድለ ቢስ እያለ ለሚያሟርትባት ሰው አሳልፌ አልሰጥም!»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንግሊዙ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቤት እስክንደርስ ስንጨቃጨቅ ሄድን። «ሌላ ትርጉም ይኖረዋል፣ ሰውየው አልተጠነቀቀም ይሆናል» ብዬ ብነግረው፣ «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ይሄ ግን አላመለጠውም፣ እየደጋገመ ነው ያለው» አለኝ። ምን ትመልሱለታላችሁ? አዋቂ ነሽ፣ ጥለሽው ሂጂ ትሉኝ ይሆናል። ያለ አባቴ ምርቃት ግን እግሬን አላነሳም ነበር። እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

በማግስቱ እንግሊዙ ቤታችንን ጠይቆ መጣ፣ ብስኩት ይዞ። እናቴ ካርቶኑን አገላብጣ በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳየውን የካሽሩት ማኅተም እስክታገኝ ማንም አልነካውም። አስተርጓሚዋ እኔው ነኝ እንግዲህ።

«በእኛ አገር ጥሩ ሞክሮ ለሳተ ሰው ነው እንደዚያ የምንለው» አለ እንግሊዙ። «ጥፋቱ የዕድል ነው፣ ያንቺ አይደለም ማለታችን ነው።»

ይህን እንዴት ብዬ ላስረዳው? ትንሽ አሰብኩና «አይዞሽ ማለቱ ነው፣ አባ» አልኩት።

«ታዲያ ለምን አይዞሽ አይልም?»

«እንግሊዝኛ አይዞሽ የሚል ቃል የለውማ!»

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። «ሰማሽ? አይዞሽ የሚል ቃል ወደሌለበት አገር ነው ልጅሽን የምትልኪያት።»

እንግሊዙ አባቴ ምን እንዳለ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሰውየው ቃሉን ደጋግሞ አስባለኝ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና በሙሉ ልቡ «አዞሽ!» አለ። እናቴ ሳቋ አመለጣት። አባቴ ከንፈሩን ነክሶ ሊችለው ሞከረ፣ አልሆነለትም። «ጭራሽ አዞ ይጠራብሽ ጀመር!» ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ለቀቅ አለ። አባቴ ስለ ሰውየው ይጠይቅ ጀመር፣ እሱም አወራ። ከልጅነቱ ያደገበት ክለብ በአሥራ ስምንት ዓመቱ «አትሆነንም» ብሎ ጫማውን በፌስታል አስይዞ አሰናበተው። አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ሲጠራው ለዓመት ብሎ ሄደ፣ በቆሎ እርሻ መሀል ወዳለች ከተማ። ተጫወተ፣ ተማረ፣ ከዚያ ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ማልያ እያጠበ የቡድኑን መኪና እየነዳ ቀረ፤ አሁን ዋናው እሱ ነው። እንደሱ ክለብ የጣላቸው እንግሊዞች በየኮሌጁ ሞልተዋል አለን፣ በኩራት።

«እናቱስ?» አለ አባቴ። «ጠይቂልኝ እስቲ። ተመለሰላት?»

ጠየቅኩት። ሰውየው የያዘውን ብስኩት መልሶ አስቀመጠ። «ለዓመት ነው ያልኳት። አንዳንድ በጋ እመጣለሁ፣ አንዳንድ በጋ እቀራለሁ። መጨረሻ የሄድኩት ለቀብሯ ነው።»

ልዋሽ አስቤ ነበር። ይኼማ ይተረጎማል? አባቴ ግን የሰውየውን ፊት አይቶ ቀድሞኝ ገብቶታል። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ።

እንግዳው ሲነሳ አባቴም ተነሳ፤ ታክሲ እስከሚይዝበት ሊሸኘው። ቋንቋ የላቸውም፣ ጎን ለጎን ሄዱ፣ እኔ ከኋላ። ሲለያዩ አባቴ አቀፈውና «እግዜር ያጥናህ» አለው። ለእናቱ እኮ ነው! እንግሊዙ አልገባውም፣ እኔም አልተረጎምኩለትም።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ መንገድ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

«ሂጂ» አለኝ።

ጆሮዬን አላመንኩም።

«ግን ስትሄጂ እመለሳለሁ እንዳትዪኝ።»

«ምን ነካህ አባ? እመለሳለሁ እኮ...»

«አትዪኝ አልኩሽ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ስወርድ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰንበት ሳይደርስ እመለሳለሁ ብያት ወጣሁ። ከዚያ አይሁዶችን የሚያወጣው አውሮፕላን መጣ፣ እዚህ አወረዱን። እሷ እስክትሞት ሰንበት በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ትቆም ነበር አሉኝ። አንቺ ቃል ካልሰጠሽኝ እኔ በር ላይ አልቆምም። ከመጣሽ መጣሽ፣ ደስታዬ ነው።»

እዚያው መንገድ ዳር አጎነበስኩለትና መረቀኝ፤ ሰው ቢያየን ባያየን ግድ አልሰጠንም።

የሄድኩ ቀን ኤርፖርት ድረስ መጡ። እናቴ ታለቅሳለች፣ እህቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማለች። ያቺ ክልክል ቃል ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥታ ነበር፤ ዋጥኳት።

«ደህና ዋል፣ አባ» አልኩት።

«ደህና ዋይ» አለኝ እሱም፣ ሱቅ እንደሚልከኝ ሁሉ።